«ትንሽ ሰዓት ነው» ሲሏችሁ ዙሩን ቁጠሩ

እኔ ያለሁት ዱባይ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ደሞዝም ስለ ማዳም ጭቅጭቅም አይደለም፣ ስለ ካርድ ጨዋታ ውድድር ነው። አትሳቁ! እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ የእረፍት ቀናችሁን የሚነካ ነገር አለበት።

የምሰራበት ቤት የ11 ዓመት ልጅ አለ። የፖኪሞን ካርድ ነፍሱ ነው። እኛ ሀገር ቤት እንደምናውቀው ካርታ አይደለም፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ገዝቶና ተለዋውጦ የሰበሰበውን 60 ካርድ ራሱ መርጦ ይዞ ይመጣል። ሲጀመር ሁለቱም ስድስት ስድስት ካርድ ገልብጠው ለብቻ ያስቀምጣሉ። የተጋጣሚህን ፖኪሞን በጣልክ ቁጥር ከዚያ ታነሳለህ፣ ስድስቱን ቀድሞ ያነሳ ብዙውን ጊዜ አሸናፊ እሱ ነው። ካርዱን የሚሸጠው ሱቅ ደግሞ ውድድር ያዘጋጃል። ልጁን ይዛ የምትሄደው ማን ናት? እኔ ነኛ።

ችግሩ ውድድሩ እሁድ መሆኑ ነው። የእኔም እረፍት እሁድ ነው። ታናሽ እህቴ ሻርጃ ሰው ቤት ትሰራለች፣ የእሷም እሁድ ነው፣ ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ (በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቤት መግባት አለባት። እንግዲህ ሁለታችን የምንገናኘው በሳምንት አንዴ፣ እሱም ለጥቂት ሰዓት ነው። ማዳም «ልጁን አድርሺው፣ ትንሽ ሰዓት ነው፣ ሲጨርስ ትሄጃለሽ» ስትለኝ እህቴ ባስ ማቆሚያ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነበር ማለት ነው።

የሱቁን ሰው «ስንት ሰዓት ያልቃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሁለት ሶስት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለኝ። በሰባት ሰዓት የተጀመረው አስራ አንድ ሰዓትም ሆኖ አላለቀም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አስረኛ ክፍል ላይ ነው፣ ሂሳብ ግን እወድ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ፣ ይሄ ነገር በምን እንደሚሰራ።

መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ኳስ ጥሎ ማለፍ ነው ብዬ ነበር። ጥሎ ማለፍ ቢሆን ለእኔ እንዴት ይመቸኝ ነበር! ልጁ አንዴ ይሸነፋል፣ ወደ ቤት እንመለሳለን፣ እኔም ወደ እህቴ። ግን እንደዚያ አይደለም። የሚጫወቱት ስዊስ በሚሉት ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው፣ በ1895 እዚያ ዙሪክ ከተማ በተደረገ የቼዝ ውድድር ነው መጀመሪያ የተሰራበት። በስዊስ የተሸነፈ አይባረርም። ያሸነፈ ካሸነፈ ጋር፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር እየተደለደለ ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር ይጫወታል። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ፣ ሽንፈት ባዶ። የሰው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነና አንድ ሰው ተጋጣሚ ካጣ፣ እንደ ፎርፌ ያሸነፈ ተደርጎ ነጥቡን ያገኛል።

አንድ ቀን ከአቡዳቢ አባቱ ይዞት የመጣ ትንሽ ልጅ አየሁ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ በሽንፈት ጨረሰ፣ እንባው መጣ። ጥሎ ማለፍ ቢሆን ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቅለት ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተጫወተ፣ ሁለቱን አሸነፈ፣ እየሳቀ ሄደ። ያን ጊዜ ስዊስ ለምን እንደተመረጠ ገባኝ። ለተጫዋቹ ደግ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ነው።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠረው። አንድ ሳይሸነፍ የቀረ ሰው ብቻ እስኪገኝ ለ8 ሰው ሶስት ዙር ይበቃል፣ ለ16 አራት፣ ለ32 አምስት። ሰው እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው አንድ ዙር ብቻ ነው። ሁሉም ከሁሉም እንደ ሊግ ይጋጠም ቢባል 16 ሰው 120 ግጥሚያ ይሆናል፣ ቀን አይበቃም። በዚያ ሱቅ 22 ልጆች ነበሩ፣ ስለዚህ አምስት ዙር።

አንዱ ግጥሚያ ደግሞ አንድ ጨዋታ አይደለም። ከሶስት ሁለት ያሸነፈ ነው የሚያልፈው፣ ምክንያቱም ካርዱ ሲበወዝ መጥፎ ካርድ ብቻ ሊደርስህ ይችላል፣ በአንድ ጨዋታ ብቻ መዳኘት ዕድል ይበዛበታል። ለዚህ 50 ደቂቃ ይሰጣል። ዳኛው «ሰዓት አልቋል» ሲል የያዘው ሰው ተራውን ይጨርሳል፣ ከዚያ ሶስት ተራ ይጨመራል።

ትልቁ የሰዓት ሌባ ግን ሌላ ነው። 22 ሰው ማለት 11 ጠረጴዛ ነው። አስሩ ጨርሶ አንዱ ካልጨረሰ ቀጣዩ ድልድል አይወጣም፣ ምክንያቱም ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚታወቀው ሁሉም ውጤት ሲገባ ነው። አንድ እያንዳንዷን ካርድ አስር ጊዜ የሚያስብ ልጅ ካለ፣ ቤቱ በሙሉ እሱን ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ዙር በወረቀት 50 ደቂቃ ቢሆንም በእውነት አንድ ሰዓት ነው። በሰባት ሰዓት ተጀምሮ አምስት ዙር፣ አስራ ሁለት ሰዓት። መሀል ላይ ለምግብ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ «የመጀመሪያዎቹ ስምንት» ብለው ጥሎ ማለፍ ካስከተሉ፣ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ፣ ሌላ ሶስት ሰዓት። ልጁ ለፍጻሜ ከደረሰ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይሄን ነው «ትንሽ ሰዓት» ያሉት!

ይሄን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩት። ከዙር አንድ እስከ ፍጻሜ፣ አጠገቡ ሰዓቱን። ማዳም ቡናዋን ስትጠጣ፣ ፊቷ ጥሩ በሆነ ሰዓት፣ አሳየኋት። «አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽ?» አለችኝ። «ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ» አልኳት። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ልጁ መጫወት እንዳለበት እኔም አምናለሁ፣ እሁድ ግን የእኔ እረፍት ነው፣ እህቴን የማገኘው ያን ቀን ብቻ ነው አልኳት። እዚህ ኤምሬትስ በ2022 የወጣው የቤት ሰራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደሞዝ የማይቆረጥበት እረፍት እንዳለን፣ በዚያ ቀን ከሰራን ደግሞ ሌላ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ እንደሚገባን ነገርኳት። ሕጉን ግን መጨረሻ ላይ ነው ያነሳሁት፣ ወረቀቱ ቀድሞ ስራውን ሰርቶ ነበር።

ማዳም መጀመሪያ «እናያለን» ብላ ዝም አለች። ሶስት ቀን ቆይታ እንዲህ ተስማማን። ከሶስት ሁለት ያሸነፈ የሚባለው ረጅሙ ውድድር ሲኖር ባባ ራሱ ይወስደዋል። በአንድ ጨዋታ ብቻ የሚወሰነው፣ ለአንድ ዙር 30 ደቂቃ የሚሰጠው አጭሩ ውድድር ቅዳሜ ስለሚሆን እኔ እወስደዋለሁ። ባባ በወሰደው የመጀመሪያ እሁድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ ማዳምን «ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?» አላት አሉ። ማዳም ወረቀቱን እያየች «ገና ግማሽ ፍጻሜ አልደረሰም» አለችው። እኔ ያን ሰዓት ሻርጃ፣ ከእህቴ ጋር ሽሮ እየበላሁ ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ልላችሁ አይደለም። ባባ መንገድ ሲወጣ እሁዴ አሁንም ይሄዳል። ያኔ ግን ምትክ ቀኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ እህቴም ባስ ማቆሚያ ላይ አትጠብቀኝም። በቁርጥ ማወቅ ራሱ እረፍት ነው።

ባለፈው በዓል ደግሞ ይሄው እውቀት ለራሳችን ሆነ። ስምንት ሆነን አንዷ እህታችን በተከራየችው ክፍል ተሰበሰብን፣ ካርታ እንጫወት ተባለ፣ አንድ ለአንድ። አንዷ «ጥሎ ማለፍ ይሁን፣ ቶሎ ያልቃል» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ጥሎ ማለፍ ከሆነ አራታችን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ዳር ቁጭ ብለን ተመልካች ልንሆን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዳር ቁጭ ብለን የሰው ጨዋታ ስናይ አልከረምንም? ሌላዋ ደግሞ «ሁሉም ከሁሉም» አለች። እሱ 28 ግጥሚያ ነው፣ አራት ቦታ ሆነን በአንድ ጊዜ ብንጫወት እንኳ ሰባት ዙር። ሁለቱ እህቶች ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለባቸው። ስለዚህ ስዊስ፣ ሶስት ዙር፣ ለአንዱ 20 ደቂቃ በስልክ ሰዓት። አንዷ ግማሽ ሰዓት አርፍዳ ደረሰች። የመጀመሪያው ዙር ተቆጠረባት፣ ሁለቱን ተጫወተች። በአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ አለቀ፣ ሁሉም ተጫወተ፣ እነዚያ ሁለቱም ቡና ጠጥተው በሰዓታቸው ደረሱ። ማን አሸነፈ ካላችሁ፣ ያረፈደችው አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም!

እህቶቼ፣ ልጅ ይዛችሁ የኳስ፣ የዋና፣ የካርድ፣ የምንም ውድድር የምትሄዱ፣ «መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው «ቶሎ» ነው የሚለው። አራት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንት ዙር ነው? አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ነው? ከዙሩ በኋላ ጥሎ ማለፍ አለው ወይ? ከዚያ ራሳችሁ አስሉት፣ በየዙሩ አስር ደቂቃ ጨምሩበት። ጻፉት። በአፍ የተነገረ ሰዓት ይረሳል፣ ወረቀት ላይ ያለ ሰዓት ግን ማዳምም ታየዋለች።

እናንተስ እረፍታችሁን «ትንሽ ሰዓት ነው» የሚበላባችሁ ነገር ምንድነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እንቁጠረው። ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።