በጆሮ የሚለዩ ወፎች

ከኢታካ ተነስቶ ወደ አዲሮንዳክ ተራሮች በሚያወጣው የኒው ዮርክ መንገድ፣ በሰኔ ወር የረግረጉ ዳር ዜማ እየተቀየረ ይሄዳል። ታች በሐይቆቹ ዙሪያ፣ በአኻያ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ማስነጠስ የመሰለ ደረቅ «ፊትዝ-ብዩ» ይበዛል። ወደ ቀዝቃዛው ደጋ ሲወጣ ደግሞ «ፊ-ቢ-ኦ» ይተካዋል። ዘማሪዎቹን በመነጽር ለመለየት መሞከር ግን ድካም ነው። ሁለቱም ቡናማ አረንጓዴ ጀርባና ነጣ ያለ ጉሮሮ ያላቸው ትናንሽ ዝንብ አዳኞች ናቸው። እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስም በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቶማስ ትሬይል ስም የሚጠሩ አንድ ዝርያ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የአእዋፍ ሊቃውንት ማኅበር «ፊትዝ-ብዩ» ባዩን የአኻያ፣ «ፊ-ቢ-ኦ» ባዩን የአልደር ዝንብ አዳኝ ብሎ ለያቸው። ዓይን ያልመሰከረበት ይህ ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የጎጃምና የሸዋ ሰው በአነጋገሩ ቢለያይ ሁለት ፍጡር አይባልም፤ ወፎቹስ ዘዬ ብቻ ቢሆን የለያቸው? ጥያቄው ለብዙ ዘማሪ ወፎች ይሠራል፤ ጫጩቶቻቸው ዜማውን ከጎልማሶች ሰምተው ነው የሚማሩት። ለእነዚህ ግን አይሠራም። ዶናልድ ክሩድስማ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከጎጆ ወስዶ ያሳደጋቸው ጫጩቶች፣ የሌላኛውን ዝርያ ዜማ እየሰሙ ያደጉት ሳይቀሩ፣ የየራሳቸውን ዘመሩ። እንግዲህ ዜማው የተወረሰ አካል ነው፤ ከላባ ቀለም የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

በአንድ መንጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት የተወረሰ ድምፅ ሊኖር አይችልም ወይ? ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሮበርት ስታይን ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ ባደረገው ጥናት፣ ጎን ለጎን እየኖሩ እንኳ እንደማይቀላቀሉ አሳይቷል። ጎጆአቸውም ይለያል፤ የአኻያው ጠበቅ ያለና ጥጥ የመሰለ፣ የአልደሩ ዝቅ ብሎ የተሠራና ሣሩ የተንጠለጠለበት ነው። ኋላ የመጣው የዘር ምርመራም ልዩነቱን አጸና።

በመከር ዝም ብሎ የሚያልፈውን ወፍ ግን ማን ነው ሊሉት አይቻልም፤ አዋቂዎችም ዛሬ ድረስ «ትሬይል» ብለው ይመዘግቡታል። ይህ የእኛ የዓይን ድክመት እንጂ የወፎቹ አንድነት ማስረጃ አይደለም። ጉዳዩም የስም ጨዋታ አይደለም። የአልደሩ ከካናዳ እስከ አላስካ ተሰራጭቷል፤ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በካሊፎርኒያ ወንዞች ዳር የሚራባው የአኻያው ንዑስ ዝርያ ግን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ በሕግ ይጠበቃል። ይህን ወፍ የሚቆጥሩ ባለሙያዎችም የተቀዳ ዜማ አሰምተው መልስ ይጠብቃሉ፤ አንድ ቀን ዝም ማለቱ ወፉ የለም ስለማያሰኝም በዚያው ወቅት ደጋግመው ይመለሳሉ።