አልቃሽ ያጣች ከተማ

ሲዬና ሆይ፣ ሙታንሽን ማን አለቀሰላቸው? በ1348 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት ላይ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ በበርሽ ሲገባ ደወልሽ ዝም አለ። ሬሳው ያለ ቄስ፣ ያለ ፍትሐት ወደ ጉድጓድ ወረደ። አፈሩም ስስ ነበርና ውሻ እየጎተተ አወጣው።

ከዚያ ሁሉ መከራ እኔን የሚያንገበግበኝ የዕንባው መጥፋት ነው። ጫማ ሰፊውና የዘመን ዜና ጸሐፊው አኞሎ ዲ ቱራ ማንም ለማንም እንዳላለቀሰ መዝግቧል፤ ሁሉም የራሱን ሞት ይጠብቅ ነበርና። እሱም ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ ነበር። አምስት ልጆቹን በገዛ እጁ እንደቀበረ ሲጽፍ የራሱን ስም ከነቅጽሉ፣ ወፍራሙ አኞሎ ብሎ አስቀመጠ፤ የልጆቹ ስም ግን እዚያ የለም። አስለቃሽ ስም ካልጠራች ምን ብላ ታወርዳለች? ቀድሞ የሄደው የትኛው ነው? ሴት ልጅ ነበረችበት? አባትየው የአምስተኛውን ጉድጓድ ሲቆፍር ክንዱ ዝሎ ነበር ወይስ ለምዶት? ወንድሜ አኞሎ፣ አንድ ስም እንኳ ብትተውልኝ ምን ነበረበት!

ሲዬና ሆይ፣ የምናፍቀው ከዚያ በፊት የነበርሽውን ነው፤ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 ዘጠኙ ሹማምንትሽ በሚመክሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሣለሽን። ወጣቶች በከበሮ ምት እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ላይ ይጨፍራሉ። ግንበኛ ከፍ ብሎ ሥራው ላይ ነው። መምህር ያስተምራል፣ ተማሪ ያዳምጣል፣ ሱቁ ውስጥ ጫማ ተደርድሯል። ሱፍ የተጫነ አህያ አለ፣ አሳማውን የሚነዳ ገበሬ አለ። ከበሩ ውጭ የወይኑ ተክል፣ የሚታጨደው እህል፣ ኮረብታውን እየታከከ የሚሄደው መንገድ። ከላይ ደግሞ ደኅንነት የምትባል ሴት ተንሳፋለች፤ በአንድ እጇ ወንጀለኛ የተሰቀለበት እንጨት ይዛለች። ሰላምሽም ቢሆን ገመድ ነበረው፤ እሱን አልዘነጋም። ቢሆንም ናፈቅሁሽ።

በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ቀንዳሙን ጨቋኝ፣ የተቃጠለውን መንደር፣ ወታደር የሚጎትታትን ሴት ሣለብሽ። አምብሮጆ ክፉ አገዛዝን ያውቀው ነበር፤ ጦርነትንም ያውቅ ነበር። ደጉም ክፉውም አገዛዝ የማይመልሰውን ነገር ግን አልሣለም። በሰኔ 1348 ኑዛዜ ጻፈ፤ ሚስቱና ሴት ልጆቹም ካልተረፉ ሀብቱ ለማርያም ማኅበር እንዲሆን። ከዚያ ወዲህ የእሱም፣ የሠዓሊው ወንድሙ የፒየትሮም ድምፅ አልተሰማም።

በ1339 ፍሎረንስን ልትበልጪ ተመኝተሽ ነበር። ያለሽ ትልቅ ካቴድራል የአዲሱ ካቴድራል ክንፍ ብቻ ይሁን አልሽ። ምን ያህል ተማምነሽ ነበር! ወረርሽኙ መጣ፣ ሠራተኛ ጠፋ፣ ገንዘቡ ነጠፈ፣ ግንቡም አልጸና ብሎ የሚያሰጋው በ1357 መፍረስ ጀመረ። ዛሬ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ቆሟል። ቱሪስት ቲኬት ቆርጦ ይወጣበታል፣ ፎቶ አንስቶ ይወርዳል።

በዚያው በ1357 ያደረግሽውን ሳልነግርሽ አላልፍም። ከመሬት ውስጥ አንዲት የጥንት ቬነስ ተገኝታ በአደባባይሽ ምንጭ ላይ ተሰይማ ነበር፤ አምብሮጆም ሥሏታል። ከመከራው በኋላ ሹማምንትሽ ተሰብስበው ጥፋቱ የሷ ነው አሉ። ከመስቀያዋ አውርደው ሰባበሯት፤ ስብርባሪዋንም መዓቱ ወደ ጠላት እንዲሄድ ብለው በፍሎረንስ መሬት ቀበሩት። ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የአንቺ ተከሳሽ ድንጋይ ነበረች፤ በስትራስቡርግ ተከሳሹ ሰው ነበር። በየካቲት 1349፣ በሽታው ገና ከተማዋን ሳይረግጥ፣ አይሁዳውያኑን ጉድጓድ መርዛችኋል ብለው አቃጠሏቸው። በአቪኞ የተቀመጠው ጳጳስ ክሌሜንጦስ 6ኛ አይሁዳውያንም በዚሁ በሽታ እየሞቱ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ማን ሰማው?

ከሞት የተረፈውን ደግሞ ወታደር መጣበት። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ነገሥታት በ1360 ለጊዜው ሲታረቁ ሥራ የፈታ ጦር አልፕስን ተሻግሮ ወረደ። ጆን ሆክውድ የሚሉት እንግሊዛዊ ከአለቆቹ አንዱ ነበር። እህልሽ እንዳይቃጠል፣ ከብትሽ እንዳይነዳ ገንዘብ ከፈልሽ፤ ሲመለሱ ደግመሽ ከፈልሽ። ዛሬ ሆክውድ በፍሎረንስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ በፈረስ ተሥሎ ይታያል። የአኞሎ ልጆች ስም ግን የትም የለም።

ወረርሽኙ ከመግባቱ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1347፣ ከፎንቴብራንዳ ምንጭ አጠገብ ከጨርቅ አቅላሚው ቤት አንዲት ልጅ ተወልዳልሽ ነበር። ካተሪና። መንታዋ ሞተች፤ እሷ ተረፈች። ለጳጳስም ለንግሥትም፣ ለሆክውድም ሳይቀር ደብዳቤ አስጻፈች። በ1376 አቪኞ ድረስ ሄዳ ጳጳሱን ግሪጎሪዮስ 11ኛን ወደ ሮም መንበርህ ተመለስ አለችው። በ1377 ተመለሰ፣ በዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ኡርባኖስ 6ኛ፣ ፎንዲ ላይ ክሌሜንጦስ 7ኛ ጳጳስ ተብለው ተሾሙ። ይህ ሁለተኛው ከመሾሙ በፊት የቼዜና ከተማ ሕዝብ ሲታረድ የጦሩ የበላይ የነበረ ካርዲናል ነው፤ ከአራጆቹም መካከል የሆክውድ ሰዎች ነበሩ። ፈረንሳይ ወደ አቪኞ፣ እንግሊዝ ወደ ሮም ቆመች፤ እንግሊዝ ሮም ካለች ስኮትላንድ አቪኞ አለች። ካተሪና ከሮም ጋር ነበረች፤ ስፔናዊው ቪንሴንት ፌሬር ከአቪኞ ጋር። ቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁለቱንም ቅዱሳን አለቻቸው። በ1409 ሦስተኛ ጳጳስ ተጨመረ፤ በ1417 በኮንስታንስ ጉባኤ አንድ ጳጳስ እስኪመረጥ ድረስ የአውሮፓ ክርስቲያን ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው የተወገዘ ነበር። የዚያው ጉባኤ አባቶች የቼኩን ሰባኪ ያን ሁስን በ1415 መናፍቅ ብለው ለእሳት አሳልፈው ሰጡት።

ካተሪና ያንን ሁሉ አላየችም። በ1380 በ33 ዓመቷ ሮም ላይ አረፈች። አካሏ እዚያው ቀረ፤ ራሷ ተቆርጦ ወደ አንቺ መጣ፣ ዛሬም በሳን ዶሜኒኮ ተቀምጧል። ከሁለት ለተከፈለች ቤተ ክርስቲያን ያለቀሰችው ልጅ እሷም ከሁለት ተከፈለች።

እማማ ላፓ፣ እናቷ፣ እርስዎንስ ምን ብዬ ላጽናናዎት? ከሃያ በላይ ወልደው አብዛኞቹን ቀበሩ። ካተሪናንም ቀብረው ቆዩ። የልጅዎ አበ ነፍስ ራይሞንዶ የተናገሩትን ጽፎታል፦ ያን ያህል ልጅና የልጅ ልጅ ሲሞትብዎት እርስዎ አለመሞትዎ ቢያታክትዎት፣ እግዚአብሔር ነፍሴን አግድም አስገብቶብኝ ይሆን፣ መውጣት ያቃታት ብለው አማረሩ። አኞሎ ያላለቀሰውን እርስዎ ያለቀሱለት መሰለኝ።