ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?



በ1996 ዓ.ም. የሴሚስተር እረፍት አባታችንን ለዓይን ሕክምና ይዘን ካይሮ ሄደን ነበር። እኛ በአንድ ዓመት የምንበላለጥ፣ አንድ ክፍል የምንማር ሁለት ወንድማማቾች ነን። በመድረሳ የቀራነው ዐረብኛ ለአስተርጓሚነት ይበቃል ተብሎ ሁለታችንም ተላክን። ያረፍነው ናስር ሲቲ፣ አል-አዝሀር ከሚማረው የአክስታችን ልጅ ቤት ነው።

ሻንጣችን ውስጥ ግን የሰው አማና ነበር። የአራት ሰው የፕሮጀክት ሪፖርት፣ ከመምህራችን በተዋስነው ላፕቶፕ ላይ። «የመጨረሻውን ምዕራፍ አስተካክለን እንልካለን፤ ኢንሻአላህ ሐሙስ ማታ ይደርሳችኋል» ብለን ቅጂ እንኳ ሳንተውላቸው ነው የወጣነው። ሁለቱ ጓደኞቻችን ዓርብ ጠዋት አትመው ማስረከብ አለባቸው። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠው ይጠብቁናል። ቤቱ የሚዘጋው በ3 ሰዓት ሲሆን ካይሮ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ለእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው።

በግብፅ ከጥር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በ0777 በሚጀምር ቁጥር ከቤት ስልክ ደውሎ፣ የከተማ ውስጥ ጥሪ ሂሳብ ብቻ እየከፈሉ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻል ነበር። ይህን ስለሰማን ተዝናንተን እስከ መግሪብ ቆየን።

ከሰላት በኋላ ገመዱን ሰክተን ደወልን። ዊንዶውስ «ስህተት 680፣ የስልክ መስመሩ ድምፅ የለም» አለን። የስልኩን እጀታ ስናነሳ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሩብ ሰዓት ያህል ሞደሙን ስንወቅስ ከቆየን በኋላ ላፕቶፑን ስናዞረው ጉዳችንን አየነው። የስልኩን ገመድ የሰካነው በሞደሙ ሳይሆን በኔትወርክ ሶኬቱ ላይ ነው። ሰፋ ስለሚል የስልክ ገመድም ያለ ችግር ይገባል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን እንግዲህ!

ገመዱን ካስተካከልን በኋላ ሞደሙ መደወል ጀመረ። አሁን ደግሞ «ስህተት 678፣ የተደወለለት ኮምፒውተር አልመለሰም» ይላል። ደጋግመን ሞከርን። አንዳችን የሞደሙን ሶፍትዌር እንደገና ጫንን፣ ሌላኛችን የይለፍ ቃሉን ቀየርን። ሁለት ሦስት ነገር በአንዴ ስንነካካ የቱን እንደቀየርን እንኳ ጠፋብን። ወደ ኢንተርኔት ቤት ወስደን እንዳንልከው ፋይሉ 2 ሜጋባይት ነው፣ ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ብቻ ነው። መጨቃጨቅ ጀመርን።

አባታችን ከማዶ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ለስምንተኛ ጊዜ ስንደውል፣ «ልጆቼ፣ ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?» አሉን።

«የቷ ሴትዮ፣ አባባ?»

«ከዚያ ከሳጥናችሁ ውስጥ የምትናገረዋ!»

ዝም ብለን እንደገና ደወልን። እውነትም በሞደሙ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አንዲት ሴት በዐረብኛ ትናገራለች። «ገይሩ ሰሒሕ» የሚለው ጆሯችን ገባ። ሰሒሕ የምትለዋን ቃል መድረሳ ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቃታል። የደወላችሁት ቁጥር ትክክል አይደለም ማለቷ ነው! እኛ መስኮቱ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እናነባለን እንጂ አንዳችንም አላዳመጥናትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የመደወያ ቅንብሩን ከፍተን ላፕቶፑ የሚደውለውን ሙሉ ቁጥር ስናይ ከ0777 በፊት 9 ተቀምጣለች። ላፕቶፑ የመጣው ከዩኒቨርሲቲያችን ቢሮ ነው፤ እዚያ የውጭ መስመር የሚገኘው 9 ተደውሎ ነው። እሷን አጠፋናት። ያ የታወቀው ጩኸት ተሰማ፤ ተገናኘን። 1 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

መስመሩ ወደ ላይ ሲልክ በሴኮንድ ከ33.6 ኪሎቢት አያልፍም፤ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ደግሞ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል። 12 ደቂቃ ይፈጃል ብለን አሰላን። በ7ኛው ደቂቃ የአክስታችን ልጅ ሳያውቅ በሌላኛው ክፍል ያለውን ስልክ አነሳና ቆረጠብን። ዳግመኛ ስንልክ ግን ስልኩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀልን። 2 ሰዓት ሊሆን 15 ደቂቃ ሲቀረው አለቀ፤ አልሐምዱሊላህ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ደርሶናል፤ ጀዛኩሙላህ ኸይረን። ግን ዳግመኛ እንዲህ አታድርጉን።»

እውነታቸውን ነው። ወደ ውጭ የምትጓዙ ወንድምና እህቶች፣ የመደወያ ቅንብሩን ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፤ አንድ ነገር ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሆቴል ካረፋችሁ ዲጂታል የስልክ መስመር ሞደም ሊያቃጥል ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ቅጂ ትታችሁ ሂዱ። እኛ «ኢንሻአላህ» ስንል ሰበቡን ሳናደርስ ነበር፤ ጭንቁ ግን የተረፈው ለጠባቂዎቹ ነው። ተወኩል ግመሉን ካሰሩ በኋላ መሆኑን በልጅነታችን ተምረነዋል፤ ያልተማርን ይመስል ገመዱን እጃችን ላይ ይዘን ሄድን።

አባታችን ፋሻቸው በማግስቱ ተፈታ፤ ደህና ያያሉ። እስከ ዛሬ ስልካችን ባልሠራ ቁጥር «ሴትዮዋን ጠየቃችኋት?» እያሉ ይስቁብናል።