የማሽኑን ስም ይዤ ስዞር

ከልብስ ማጠቢያችን ጋር የተጣላነው በጋቢ ነው። ሰባት ኪሎ ይችላል ተብሎ ፊቱ ላይ ተጽፏል። እኔም ደረቁን ጋቢ በእጄ ከፍ ዝቅ አድርጌ እየመዘንኩ፣ «ይቺማ ምን አላት፣ ሌላም ይጨመራል» እያልኩ አጭቅበት ነበር። ጋቢ ግን ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ሌላ ነው። በአንድ በኩል ይጠቀለልና ማሽኑ ሊጨምቀው በፍጥነት ሲዞር ከበሮው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ማሽኑ ከቦታው ተነሥቶ ወደ በሩ ይጓዛል። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ካርቶን አጥፌ እግሩ ሥር ወተፍኩበት።

ቀጥሎ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ማጉረምረም ብቻ ነበር፤ እየቆየ ሲጨምቅ ሄሊኮፕተር ጣሪያችን ላይ ያረፈ ይመስል ጀመር። ባለቤቴ «ይኼ ነገር አላማረኝም» ስትል «አርጅቶ ነው» ብዬ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋሁ። በር መዝጋት ለረጅም ጊዜ ዋናው የጥገና ዘዴዬ ሆኖ ቆየ።

የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲቃረብ ግን በር መዝጋቱም አላዋጣም። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ ልጆቹ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ከእኛ ብሰው ይሰናዳሉ፤ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ነጭ ሸሚዙ ሁሉ በአንድ ሰሞን ይታጠባል። በዚያ ሰሞን ማሽኑ የባለቤቴን ነጠላ ቡናማ ነጠብጣብ አሳርፎበት መለሰልን። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም።

ሳልመረምር የፈረድኩት ያኔ ነው። ማሽኑ ይዘላል፤ መኪና ሲዘል የሚሞተው አሞርዛተሩ ነው፤ ስለዚህ የእኛም ችግር አሞርዛተር ነው። አለቀ። የማሽኑን ስምና የሞዴሉን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ፍለጋ ወጣሁ። ቂርያት ጋት ውስጥ ያልጠየቅሁት ሱቅ የለም፤ በባቡርም እስከ ቤርሼባ ወረድኩ። አንዱ «ይኼ ሞዴል ከወጣ ቆየ» ይለኛል፣ ሌላው ወረቀቴን ሳያይ «አዲስ ግዛ፣ ይሻልሃል» ይለኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከማርች 2021 ጀምሮ አምራቾች የአንድ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫውን እንዲያቀርቡ ማስገደዱን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አሞርዛተሩም ከበሮውም ኩሽኔታውም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከዚያ የማሽኔን ዕድሜ ቆጠርኩ። ሕጉ ሳይወጣ የተሠራ ነው፤ እኛም አውሮፓ አይደለንም።

በመጨረሻ ከውጭ አገር አዘዝኩ። እቃው እስኪመጣ ልብሳችን በዘመድ ቤት እየዞረ ታጠበ። ሲደርስ አንድ አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ ልጨርስ ብዬ ማሽኑን አጋድሜ፣ ጣቴን ልጬ፣ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ገጠምኩ። ከዚያ አስነሣሁት። ሄሊኮፕተሩ እንደነበረ ነው።

አጎቴ የሚኖሩት ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ጎንደር ሳሉ ባለእጅ ነበሩ፤ በወናፍና በመዶሻ ለአካባቢው ሁሉ ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር። ማረሻውን የወሰደው ጎረቤት ነው ማታ ቡዳ የሚላቸው። እኔ በልጅነቴ ከሙያው ይልቅ የያዝኩት ስድቡን ነው። ስለዚህ ማሽን ሲበላሽ ስልኬ ላይ የማላውቀውን ሰው ቪዲዮ አያለሁ እንጂ ብረት ሲሠሩ የኖሩትን ሰው አልጠይቅም። ምክንያቴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቢጠይቀኝም «ላላስቸግራቸው ብዬ» ብዬ እዋሽ ነበር።

እሑድ ቡና ሊጠጡ መጥተው ድምፁን ሰሙ። «አጥፋው» አሉኝ። ባዶውን ከበሮ በእጃቸው አዙረው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ የከበሮውን ከንፈር ይዘው ወደ ላይ አነሡት፤ የተቀመጠበት ገንዳ ሳይነቃነቅ ከበሮው ብቻውን ተንቀጫቀጨ። አሞርዛተር ቢሆን ኖሮ ገንዳውና ከበሮው አብረው ነበር የሚዋዥቁት።

«ኩሽኔታው ነው። ከኋላው አላየኸውም?»

አላየሁም። ማሽኑን በጎኑም በጀርባውም አስተኝቼዋለሁ፤ የኋላ ክዳኑን ግን አልከፈትኩም። ስንከፍተው ከመዘውሩ ሥር የደረቀ የዝገት ውኃ ወርዷል። ውኃ የሚከለክለው ጎማ ቀድሞ አልቆ፣ ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሱን አጥቦ ጨርሶታል። ነጠላው ላይ የታተመውም እሱ ነበር።

ዕድል ሆኖ ገንዳው በብሎን የተያያዘ ነው። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ገንዳቸው ቀልጦ የተጣበቀ ስለሆነ ለአንድ ኩሽኔታ ገንዳውን ከነከበሮው መግዛት ግድ ይላል። ኩሽኔታው ግን አልወጣ አለ። አጎቴ «ትንሽ እሳት ብናሳየው ይለቃል» ብለው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነው!»

«ፕላስቲክ ላይ ብረት መትከል ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ የሠራሁት እኔ ይመስል። በእንጨትና በመዶሻ ዙሪያውን እየመቱ አወጡት።

ዝገቱን ስጠርግ ቀለበቱ ላይ 6205 የሚል ቁጥር አየሁ፤ በትልቁ ላይ ደግሞ 6206። የማሽኑ ስም የትም የለም። 6205 ማለት ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማንም ይሥራው፣ የትም ይሸጥ። ለላኪሽ የእርሻ መንደሮች የትራክተርና የውኃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄድኩ። የማሽኑን ስም ልነግረው ስጀምር እጁን አወዛወዘና ቁጥሩን ብቻ ጠየቀኝ። ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ጎማው ግን እንደ ኩሽኔታው አልቀለለም፤ መጠኑ የዚያው ፋብሪካ የራሱ ነው። የባሰ የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ያንኑ ሞዴል ደረጃው ሥር አውጥቶት ነበር። «አልቴ ዛኸን» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ መኪና ሲመጣ አንዱን ጫፍ ይዤ ያወረድኩትም፣ የጫንኩትም፣ ጎረቤቱ ሲያመሰግነኝ ደረቴን የነፋሁትም እኔ ነኝ። ጎማውም፣ ያን ያህል የዞርኩለት አሞርዛተርም አብረው ተጭነው ሄዱ።

በኋላ አንድ ጡረታ የወጣ ጠጋኝ ጓሮው ውስጥ ከወደቀ ማሽን ላይ ጎማ ነቅሎ ሰጠኝ። ያገለገለ ስለሆነ ከኋላ ትንሽ ያረጥባል፤ በየጊዜው ከፍቼ አያለሁ። አሁን ደግሞ የተጣለ ማሽን ካየሁ ማለፍ አቅቶኛል። በረንዳችን ላይ አንድ ሬሳ ቆሟል፤ አጎቴ ሲመጡ ካቻቢቴ ይዘን እንከበዋለን። ባለቤቴ እስከ ፋሲካ ጽዳት ቀን ሰጥታናለች፤ ከዚያ በኋላ አልቴ ዛኸኑን ራሷ እንደምትጠራው ነግራናለች።