ሽማግሌና ልጅ እኩል የሚጫወቱባት ከተማ

እናንተዬ፣ ሽበት የወረሳቸው አዛውንት ጥፍር የምታክል የአውሮፕላን ጎማ በወረንጦ ይዘው ትንፋሻቸውን ሲውጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጃፓን፣ ሺዙኦካ ከተማ፣ አንድ የሞዴል ሱቅ ውስጥ አየሁ። እዚያ የሚማረው ወንድሜ ነው ይዞኝ የሄደው።

ከባቡር ጣቢያው በደቡቡ በር ስትወጡ የስልክ ሳጥን ቆሞ ታገኛላችሁ፤ ግን እንዳልተገጣጠመ የፕላስቲክ ሞዴል ተበታትኖ፣ ከነፍሬሙ! ከተማዋ የምትታወቀው በዚሁ ነዋ። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንጨት ንግድ የተነሣው እዚህ ነው፤ በ1960 ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ አወጣ። አኦሺማም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ሲያገቡ የተዉትን ነገር ጡረታ ሲወጡ ነው መልሰው የያዙት። ድሮ 1/72 ይሠሩ ነበር፤ በዚያ ልክ ሙሉ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ዛሬ ዓይናቸው እምቢ ስላለ ተለቅ ያለውን 1/32 ይገዛሉ። ፊታቸው ያለችው ግን የድሮዋ ናት፤ ሳይከፍቷት ሠላሳ ዓመት ያስቀመጧት። ተለጣፊ ምልክቶቿ ቢጫ ሆነውባቸው መስኮት ላይ ለጥፈው በፀሐይ አነጧቸው። (ይቺን ዘዴ ያዙልኝ!) በሚቀጥለው ወር የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ነው።

«ከዚያ በፊት ልጨርሳት» አሉ፤ ወንድሜ አስተረጎመልኝ።

«ለምን አይጠብቁም? በኋላ በደንብ ያዩ የለ?» ብላቸው ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

ለጀማሪ ሙጫ የማይፈልገው የባንዳይ ጋንዳም ይሻላል፤ ጥሩ መቁረጫ ፒንሳ ብቻ ጨምሩበት። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝን ዓይነት ስፒትፋየር ፈልጌ ገዛሁ። በ1/72። ዓይኔ ገና ነው።