ልብ ሲለቅ ማስታወቂያ አይሰጥም



ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ማዶውን ወጥቶ ለሚ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ብዙ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን ሸኝተናል። ለምን እንደሚሄዱ ስንጠይቅ ደመወዝ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ይሉናል። አብረን ስንጸልይ ግን ሌላው ይወጣል፦ "የእከሌ ሰው አይደለህም ተባልኩ።" "ለባልደረባዬ ያወራሁት ማታውኑ አለቃዬ ጆሮ ደረሰ።"

ዘፍጥረት 31ን እናንብብ። ያዕቆብ ላባን 20 ዓመት አገለገለ። የቀን ሐሩር፣ የሌሊት ቁር ችሎ፣ አውሬ የሰበረውን በግ ከራሱ ተክቶ ሠራ። ላባ ግን ደመወዙን 10 ጊዜ ለዋወጠበት። ልጆቹም ያሙት ጀመር፤ የላባ ፊት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያዕቆብ ሚስቶቹን ወደ ሜዳ ጠርቶ መከረ፤ ላባ በግ ሊሸልት በሄደበትም ሳይሰናበት ተነሣ። ላባ የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራውን የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ልብ ግን ሲለቅ ማስታወቂያ አይሰጥም። ደብዳቤው ሲመጣ ሰውየው ከሄደ ቆይቷል።

ይህ የመሥሪያ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በምናገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ሒሳብ የሚይዝ ወንድም ነበረን። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እስኪመሽ ተቀምጦ ደረሰኝ ያመሳክር ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ እርሱ ሹክ አሉን፤ ሰማናቸው። እርሱን ግን አልጠየቅነውም፤ ሰላምታችን ብቻ ቀዘቀዘ። እርሱም በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ መሄድ ጀመረ፤ በስብሰባ ላይ ሐሳብ መስጠት ተወ። እኛ "ረጋ አለ" ብለን ደስ አለን። በስድስተኛው ወር ግማሽ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ሰጠን። ሒሳቡ ሲመረመር አንድ ብር አልጎደለም።

ወገኖች፣ በዚያ ታሪክ ላባ እኛ ነበርን። ይቅርታ ልንጠይቀው ቤቱ ሄድን። ይቅር አለን፤ ወደ ሥራው ግን አልተመለሰም።

ጌታችን በማቴዎስ 18፥15 ወንድማችን ቢበድለን መጀመሪያ ለብቻው እንድንነግረው አዝዞናል። ሹክታ ይህን ትእዛዝ ይገለብጠዋል፤ ለሁሉም ይነገራል፣ ለባለቤቱ ብቻ አይነገርም። ስለዚህ አለቃ የሆንን፣ ወሬ ይዞልን የሚመጣውን "ለእርሱ ነግረኸዋል?" እንበለው። ፊታችን የጠቆረበት ሠራተኛ ካለ በዚህ ሳምንት ጠርተን እንስማው።

አንተ ወንድም፣ አንቺም እኅት፣ በሰው ሴራ ልባችሁ የደከመ፦ እግዚአብሔር የያዕቆብን ድካም አይቷል (31፥42)፤ የእናንተንም ያያል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ተናገሩ። ያዕቆብና ላባ በግልጽ የተነጋገሩት ከሰባት ቀን ማሳደድ በኋላ ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ጆሯችንን ከሹክታ ጠብቅ፤ ፊታችንንም ለወንድማችን አብራ። አሜን።