ቃል የሌለው ዘፈን

ከመካከላችን «ግጥሙ ካልተሰማ ምኑን ዘፈን ሆነ!» የሚሉ አሉ። እኛ ግን የባልካን አገሮች የሕዝብ ዘፈኖች በመሣሪያ ብቻ ሲጫወቱ ካዳመጥን ወዲህ እንዲህ ለማለት አንደፍርም።

ቡልጋሪያን እንውሰድ። ካቫል የሚባል ረጅም የእረኛ ዋሽንት አላቸው፤ እንደ እኛው ዋሽንት በጫፉ ነው የሚነፋው። ጥሩ ነፊ የሐዘን ዘፈን ሲጫወት ዘፋኙ ድምፁን የሚያርገበግብባትን ቦታ እንኳ አይዘላትም። ራቼኒጻ የተባለው ጭፈራ ደግሞ በሰባት ይቆጠራል፤ ይኸውም ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። የመጨረሻዋ ረዘም ስለምትል እግር ሳይወድ በግድ ይነሣል። የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ «ሚክሮኮስሞስ» የተባሉትን 153 የፒያኖ ድርሰቶች ከቀላል ወደ ከባድ ሲደረድር፣ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው በቡልጋሪያ ምት የደረሳቸውን 6 ጭፈራዎች ነው። መምህራኖቻችን «ከቀላል ወደ ከባድ» የሚሉን ይኸው አይደል!

ታዲያ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቡልጋሪያዋ ፊልም ሠሪ አዴላ ፔዬቫ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ፊልም አንድ ዜማ ይዛ ከአገር አገር ትዞራለች። ቱርኩም፣ ግሪኩም፣ አልባኒያዊውም፣ ሰርቡም «የእኛ ነው» ይላል። በአንዱ ዘንድ የፍቅር፣ በሌላው የሃይማኖት፣ በሌላው የጦርነት ግጥም ለብሷል። ግጥሙ ብዙ፣ ዜማው አንድ!

እንግዲያው ቃሉ ቢነሣ ጠቡ ይቀራል እንበል? ኧረ እሱም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረው የቡልጋሪያ መንግሥት የቱርኮችንና የሮማ ሕዝብን ሙዚቃ ይከለክል ነበር። ስመ ጥሩው የሠርግ ቤት ክላርኔት ነፊ ኢቮ ፓፓዞቭም በዚሁ ሙዚቃ ምክንያት ታስሯል። ክላርኔት ቃል አይናገርም፤ ባለሥልጣኖቹ ግን የማን ዜማ እንደሆነ ሰምተውታል።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ነገ በምንቆምበት ክፍል ቋንቋቸው የተለያየ ልጆች ይቀመጣሉ። ዜማውን አስቀድመን ያለ ቃል ብናሰማቸው ሁሉም እኩል ይጀምራል፤ ማንም «አልገባኝም» ብሎ ጥግ አይይዝም። ቀጥለን ግን ዜማው የየትኛው ቀዬ፣ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ስሙን ጠርተን እንንገራቸው። ዜማ የጋራ ሲሆን ደስ ይላል፤ የመጣበት ሲደበቅ ግን የባለቤቱ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን ይደፋል።